የመስኮብ ጨረቃ

"ሻምበል አሁኑኑ ይላክ ብለዋል" አለ ፖሊስ ዋጋሪ፣ የታጠፈውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ ተካ እየገፋ። "መድረሱን ሳታይ እንዳትመለስም ብለውኛል።"

ተካ መነጽሩን አጥልቆ ወረቀቱን ዘረጋ። የነቀምቴ ቴሌግራፍ ቤት ሹም ከሆነ ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ ያላለፈ የሰው ጉዳይ የለም፤ ሞት፣ ሹመት፣ የቡና ዋጋ፣ የጠፋ በቅሎ። ያነባል፣ ያስተላልፋል፣ ይረሳል። እንደዚያ ካልሆነ በዚህ ሥራ መኖር አይቻልም። የዛሬውን ግን አጋምሶ ቆመና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።

መልእክቱ አዲስ አበባ ላሉት የሻምበሉ አለቆች ነበር። የቴሌግራፍ ቤቱ ሠራተኛ ባይሳ ዋቅወያ በመንግሥት ሬዲዮ የሩሲያን ምስጢራዊ ምልክት ሲያዳምጥ መቆየቱን፣ የሰማውንም በአደባባይ ማውራቱን ይገልጻል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ድርጊቱን የፈጸመው ብቻውን መሆኑን፣ ከእሱ በቀር የሰማም ያወቀም አለመኖሩን አምኗል። በአጀብ ወደ አዲስ አበባ እንድንልከው ትእዛዝ እንጠይቃለን።"

ብቻውን።

ተካ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"አዲስ አበባ እኛን የምትሰማው በአሥር ሰዓት ነው" አለ። "ከዚያ በፊት ስመታ ብውልም የሚቀበለኝ የለም።"

"እንግዲህ እጠብቃለሁ።" ዋጋሪ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ በሩ ሄደና መለስ አለ። የጉቶ ጊዳ ሰው ነው፤ አማርኛ የለመደው ፖሊስ ከሆነ በኋላ ነው። "ኦቦ ተካ፣ ባይሳ እኮ ሰው አልገደለ፣ ከብት አልነዳ። ጨረቃ ነው የሰማው። ጨረቃ መስማት ያሳስራል?"

"እኔን አትጠይቀኝ" አለ ተካ።

ነገሩ የጀመረው መስቀል እንዳለፈ ነው። የባይሳ ሚስት ድርቤ በስዊድን ሚሲዮኖች ክሊኒክ ቁስል የምታጥብ ድሬሰር ናት። እዚያ ያለችው ነርስ፣ ሩሲያኖች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ እንደ ሰደዱ፣ ጨረቃዋም ምድርን እየዞረች በሬዲዮ እንደምትጮህ ከለንደን ጣቢያ ሰምታ ነገረቻት። ድርቤ ማታ ለባሏ አወራችው። ባይሳ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አልነበረውም። ምሳውን እየተወ፣ ቴሌግራም በሌለበት ሰዓት ሁሉ የሬዲዮውን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ እያዞረ ሲፈልጋት ሰነበተ። ተካ አይቶ እንዳላየ አለፈው። ባይሳ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ እዚሁ ነቀምቴ ተወልዶ፣ ስዊድኖቹ ዘንድ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሠልጥኖ የመጣ ልጅ ነው። ሲሰለቸው ይተወዋል ብሎ አሰበ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ግን ባይሳ "ጋሼ! ጋሼ ተካ፣ ኑ!" ብሎ ጮኸ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠው። ተካ ጆሮው ላይ ሲያደርገው መጀመሪያ የሰማው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ሹሹታ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ከሹሹታው መካከል ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ተካ ዕድሜውን ሙሉ በሽቦና በአየር የሚመጣ ድምፅ ሲሰማ ኖሯል፤ ከእያንዳንዱ ድምፅ ጀርባ ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበረ። ከዚህኛው ጀርባ ማንም የለም። ያ ሲገባው እንደ ሕፃን ሳቀ። ድምፁ እየደከመ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ማዳመጫውን ለባይሳ አልመለሰለትም።

"ለማንም እንዳትናገር" አለው ያኔ።

ባይሳ እሺ አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግን ደስታው አፉን አስከፈተው። ለአንድ ጓደኛው ነገረ፤ ጓደኛው ለሌላው። ወሬው ሩሲያን መስኮብ ወደሚላት ገበያ ሲደርስ ባይሳ ከመስኮብ ንጉሥ ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል የሚል ሆኖ ነበር። ትናንት ጠዋት ፖሊሶች መጥተው ከሥራው ወንበር ላይ አስነሡት። ተካ ያን ጊዜ ቴሌግራም የሚያነብ መስሎ አንገቱን ደፋ። ባይሳም ሲወጣ ወደ እሱ ዞር አላለም። ተካ ይህን እንደ ቅያሜ ቆጥሮት፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነበር ያደረው። አሁን ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ባይሳ ዞር ያላለው ተቀይሞ አልነበረም።

ድርቤ የመጣችው ስምንት ሰዓት ግድም ነው። የክሊኒክ ነጭ ልብሷን ሳታወልቅ፣ ባዶ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ቆመች።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ተካ?"

"ፈያዳ፣ ድርቤ። ግቢ እንጂ።"

"አልገባም፣ ሥራ አለብኝ። ምግብ አድርሼለት ነው። በመስኮት አነጋገርኩት። 'ለጋሼ ተካ ባትሪው ደክሟል በያቸው፤ ሞተሩን አስነሥተው ይሙሉት' አለኝ።" ከንፈሯን ነከሰች። "ታስሮ የሚያስበው ስለ ባትሪ ነው።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው። አዲስ አበባ ሊልኩት ነው የሚባለው እውነት ነው?"

ደጁ ላይ የተቀመጠው ዋጋሪ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ። ተካ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በእጁ ጨበጠው።

"ገና ነው" አለ።

"ወሬውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሲስተሯ ስትነግረኝ እኮ በሹክሹክታ አልነበረም፤ እነሱ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የሚያወሩት። ምስጢር የሆነው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው።" የሳህኑን ቋጠሮ አጠበቀች። "ለፖሊሶቹ ብቻዬን ነበርኩ ብሏቸዋል። እርስዎም ምንም እንደማያውቁ ነግሯቸዋል።"

ተካ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገው።

"ባሌን አውቀዋለሁ፣ ኦቦ ተካ" አለች ድርቤ። "ደስ ያለውን ነገር ብቻውን አይበላም።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ተካ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

"ቶሌ፣ ይሁን" አለች ሳህኗን ወደ ሌላው እጇ እያዛወረች። "እኔ ምንም አላልኩም። ደህና ይዋሉ።"

እሷ ከሄደች በኋላ ተካ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣና ባትሪዎቹን አገናኘ። ከዚያ ለዋጋሪ "መጣሁ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ከቴሌግራፍ ቤቱ ቁልቁል፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ሚስቱ የሺወርቅ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

"ምነው በዚህ ሰዓት? አሞሃል?"

አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነገራት። የባይሳን መታሰር ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ራሱ መስማቱን ግን እስከዛሬ ከእሷም ደብቆ ነበር። የሺወርቅ የያዘችውን በቆሎ ጣለችው።

"ምነው ሸዋ! አንተ ሰው፣ ሦስት ልጅ ይዘህ? ጣሊያን ሲገባ ከሥራ ወጥተን የበላነውን መከራ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።"

"መስማትህን ማን ያውቃል?"

"ባይሳ ብቻ።"

"እሱ ደግሞ አልተናገረም።"

"አልተናገረም።"

"ታዲያ ዝም ብትልስ?"

"ዝም ካልኩ በአሥር ሰዓት ይህን ወረቀት የምልከው እኔው ነኝ" አለ ተካ። "ሌላ የሚልክ ሰው የለም። 'ብቻውን ነበር' የሚለውን በዚች ጣቴ እየመታሁ።"

ዶሮዎቹ መጥተው የተበተነውን በቆሎ መልቀም ጀመሩ፤ የሺወርቅ አላባረረቻቸውም። ቆይታ፣

"ለመሆኑ ምንድን ነው የሚለው?" አለች።

"ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።"

ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነላትም። "ለዚህ ነው ሰው የሚታሰረው? ጫጩትም እኮ እንቁላሏን ልትሰብር ስትል እንደዚያ ናት!" ስቃ ስቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ተካ ልታለቅስ የገባች መስሎት ነበር። ስትመለስ ጥቁር ኮቱን በክንዷ ይዛለች።

"ልበስ" አለችው። "ሻምበል ፊት በሹራብ አይኬድም።"

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ጀምሯል፤ የጭነት መኪና የሠራው ቦይ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ለእግር አይመችም። እሸት ሻጯ ብርቄ መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች። ሁለት ሦስት ሰዎች እሳቷን ከበው ቆመዋል። ተካን ስታይ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"ጋሽ ተካ፣ ይኼ የመስኮብ ጨረቃ የዘንድሮውን ቡና ያደርቃል ይባላል፤ እውነት ነው?"

"የምን ቡና፣ ብርቄ። ኳስ የምታህል ናት አሉ።"

"አሜሪካኖቹም የሚበልጣትን እያበጁ ነው" አለ እሸቱን የሚጠብቅ ሽማግሌ። "ከአኖ የመጣው ሾፌር ነው የነገረኝ።"

"እንግዲያ በሁለት ጨረቃ መካከል ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?" አለች ብርቄ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ተካም ፈገግ ለማለት ሞከረና ሳይቆም አለፈ።

ሻምበል ሽብሩ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ትልቅ ሰውነት ያለው የመንዝ ሰው ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ተካን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ተላከ?"

"አልተላከም።"

"ለምን? ሬዲዮው ተበላሸ?"

"አልተበላሸም። ሻምበል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ትክክል አይደለም።" ተካ ቆሞ ለመናገር አስቦ ነበር፤ ግን ሳያስበው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። "ባይሳ ብቻውን አልነበረም። እኔም ሰምቻለሁ።"

"ምን አሉኝ?"

"ማዳመጫውን ከእሱ ጆሮ ላይ ወስጄ፣ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት። የቢሮው ሹም እኔ ነኝ፤ መሣሪያው በእኔ ኃላፊነት ነው። ሲፈልገው ሰንብቶ አይቼ ተው አላልኩትም። ካገኘውም በኋላ ተው አላልኩትም። የሚታሰር ካለ ሁለታችንም ነን።"

ሻምበሉ ሄዶ በሩን ዘጋ። ተካ የሦስቱን ልጆቹን ፊት በሐሳቡ አንድ በአንድ አየ።

"አቶ ተካ" አለ ሻምበሉ ከኋላው። "ይህን ትናንት ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ።"

"እርስዎ ፈርተው እኔን ገደሉኝ እኮ!" ሻምበሉ ዞሮ መጥቶ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ፊቱ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። "ሹሙ የሚያውቀው ከሆነ እኮ ሥራ ነው! ሹሙ የማያውቀው ሲሆን ነው ስለላ የሚሆነው! እኔ ሁለት ቀን አልተኛሁም። ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሰው ጠርቶኝ 'ሩሲያ ወለጋ ውስጥ ምን ትሠራለች?' ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ልመልስለት? እኔ የማውቀው ሌባና የድንበር ጠብ ነው።"

ተካ የሚሰማውን ማመን አቃተው። ሻምበሉ ቁጭ አለና ድምፁን ቀነሰ።

"ይዩ፣ አሜሪካኖቹ ለሠራዊታችን መሣሪያ ይሰጣሉ። ያ የእርስዎ ሬዲዮ እንኳ የእነሱ ሥራ ነው አይደል? በአሜሪካ ሬዲዮ የሩሲያን ድምፅ ሰማችሁ ቢባል፣ አሜሪካኖቹ ይቀየማሉ። አትስሙ ብለን ሰው አሰርን ቢባል ደግሞ ሩሲያኖቹ ይቀየማሉ። መንግሥት ከሁለቱም ጋር ነው የሚኖረው። ምን አድርጉ የሚል መመሪያ የላከልኝ የለም። ያለኝ መመሪያ 'የውጭ ቅስቀሳ ተከታተሉ' ነው የሚለው። ጨረቃ ይኑርበት አይኑርበት አይናገርም። ነገ 'አንተ የት ነበርክ?' ብባልስ ብዬ ነው ልጁን ያሰርኩት። ክፉ ልጅ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

"ክፉ አይደለም።"

"ምንድን ነው የሚለው ግን? ትእዛዝ ነው? ቁጥር ነው?"

ተካ በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ጢጥ ሊል አፈረ። "ቢሰሙት ይሻላል" አለ።

ሻምበሉ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ቆቡን ከግድግዳው አነሣ። "እኔ ራሴ ካልሰማሁ ምን ብዬ እጽፋለሁ?"

ባይሳን ከእስር ቤት ሲያወጡት ጸጉሩ ላይ ገለባ ነበረበት። ተካን ከሻምበሉ አጠገብ ሲያይ ፊቱ ደነገጠ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ?"

"እውነቱን ነገርኳቸው።"

"እኔ እኮ..."

"ያልከውን አንብቤዋለሁ" አለ ተካ።

ሦስቱ ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ሲወጡ ከተማው ከየበሩ ወጣ። ብርቄ እሸቷን ትታ ተከተለች። ሽማግሌውም ተከተለ። ድርቤ ከክሊኒኩ በኩል እየሮጠች መጥታ ከሰዎቹ ኋላ ቆመች። ባሏ በሁለቱ መካከል፣ እጁ ሳይታሰር ሲሄድ አየች፤ ግን ወዴት እንደሚወስዱት አልገባትምና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ሕዝቡ ከቴሌግራፍ ቤቱ አጥር ውጭ ሲቆም ዋጋሪ በሩ ላይ ቆሞ ማንንም አላስገባም።

ባይሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን ከፈተ። ሻምበሉ ማዳመጫውን ለማድረግ ቆቡን አወለቀና የሚያስቀምጥበት ስላጣ ጭኑ ላይ አኖረው።

"በዚህ ሰዓት ገደማ ታልፍ ነበር" አለ ባይሳ። "የትናንቱን ስላልሰማሁ እርግጠኛ አይደለሁም።"

ጠበቁ። ባይሳ ቁልፉን በጣቱ ጫፍ ይነካል፤ ይመለሳል፤ ይነካል። ሻምበሉ ግንባሩን አኮማትሮ ግድግዳውን ያያል። ተካ ጨረቃዋ ወድቃ ይሆን ብሎ አሰበ። ወድቃ ከሆነ ማን ያምነናል? ሻምበሉ ትንሽ ቆይቶ ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን አነሣ። እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

"ዝም በሉ" አለ፤ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አመልካች ጣቱ በራሷ ጊዜ መንቀሳቀስ ጀመረች፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። አፉ ትንሽ ተከፈተ። ባይሳ ተካን አየው፤ ተካ ባይሳን አየው። ሁለቱም አልሳቁም።

"ይኼው ነው?" አለ ሻምበሉ።

"ይኼው ነው፣ ጌታዬ።"

"ሌላ ምንም አይልም?"

"አይልም።"

"እና ዓለሙን ያስጨነቀው ይኼ ነው?"

"ድምፁ አይደለም የሚያስጨንቀው" አለ ባይሳ በትሕትና። "አሁን ከእኛ በላይ ናት። ቡና እስኪፈላ ደግሞ ሌላ አገር ላይ ናት። ማንንም አላስፈቀደችም።"

ሻምበሉ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ከአኖ መንገድ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሁሉ አስቁሞ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ነው። "ወለጋን ያለ ፈቃድ" አለ ለራሱ። "እሷን ማን ያስራታል?"

ድምፁ ሲጠፋ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀና አዲስ መልእክት አጻፈ። የቴሌግራፍ ቤቱ ሠራተኛ በሹሙ ዕውቀት ከውጭ አገር የመጣ ምልክት መስማቱ፣ ምልክቱ ቃል የሌለው መሆኑ ተረጋግጧል፤ ወደፊት ምን እንደሚደረግ ለፖሊስም ለቴሌግራፍ ቤቱም መመሪያ ይላክ የሚል ነው። "'በሹሙ ዕውቀት' ካልን ይበቃል" አለ ወደ ተካ ዘንበል ብሎ። "መስማትዎን እንተወው። ለምን ስምዎ ይገባል?"

ተካ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን እንቢ ማለቱ ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ጠራች። ባይሳ መልእክቱን አስተላለፈ። ወዲያው ጥያቄ መጣ። ባይሳ እየሰማ ከፍ ባለ ድምፅ ተናገረው፦

"'የሰሙት እነማን ናቸው?' ነው የሚሉት።"

ሻምበሉ እጁን አወዛወዘ፤ የባይሳን ብቻ በል ማለቱ ነው። ባይሳ እጁን መምቻው ላይ አድርጎ የራሱን ስም ሊጀምር ሲል ተካ "ተነሥልኝ" አለው። ተቀመጠና መጀመሪያ የራሱን ስም ከነአባቱ መታ። ቀጥሎ የባይሳን መታ።

ሻምበሉ ቆቡን አንዴ አዞረ፣ ሁለት ጊዜ አዞረ።

"የኔንም ጨምሩ" አለ። ተካ ሊመታ ሲል "ቆይ!" አለ። ቆየና "ግድ የለም፣ ጨምሩ" አለ።

አዲስ አበባ ዝም አለች። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው እንኳ ነገሩ የገባው ይመስል ድምፁ አይሰማም። በመጨረሻ መሣሪያው መንጫጫት ሲጀምር ባይሳ ከተካ ትከሻ በላይ አጎንብሶ አብሮ ሰማ። ባይሳ በእጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ምን አሉ?" አለ ሻምበሉ። "በሕግ አምላክ፣ ምን አሉ?"

"'እኛም ከሰማናት ሰንብተናል'" አለ ተካ። "'እናንተ ዘንድ የምታልፍበትን ሰዓት በየቀኑ አሳውቁን' ነው የሚሉት።"

ሻምበሉ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሳቁ ከበሩ አልፎ አጥሩ ጋ ደረሰ፤ ሰዎቹም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረው ሳቁ። "አለቆቼም ያሉት ከአዲስ አበባው ቴሌግራፍ ቤት ጎረቤት ነው" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "እነሱ የሰሙትን ብሰማ እኔ ምን አጠፋሁ? ዛሬ እተኛለሁ! አንተ ልጅ፣ ሂድ ወደ ቤትህ። ግን አፍህን ለመያዝ ሞክር፤ ስለ እግዚአብሔር።"

ሻምበሉና ዋጋሪ ከወጡ በኋላ ድርቤ ገባች። ባሏን ሰላም እንኳ አላለችውም፤ አጠገቡ ሄዳ ከጸጉሩ ላይ ገለባውን ለቀመችለት። ከዚያ ወደ ተካ ዞረች።

"ገለቶማ፣ ኦቦ ተካ።"

"እኔን አታመስግኚኝ" አለ ተካ። "ይዘሽው ሂጂና አብዪው።"

"ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ሰዓት ማሳወቅ አለብን እኮ" አለ ባይሳ። "ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ተመልሳ ታልፋለች። እኔ ልቆይ።"

"እኔ አለሁ። ሂድ ብያለሁ።"

ሄዱ። ተካ ዘወትር በዚህ ሰዓት ቢሮውን ቆልፎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ። ሰውነቱ ከረጅም መንገድ እንደ ተመለሰ ሰው ደክሞታል፤ ድካሙ ግን ደስ የሚል ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው አልተበተነም። ብርቄ እሸቷን እዚያው አምጥታ እሳት አያይዛለች። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ ያያል። የሺወርቅም ዳገቱን ስትወጣ በመስኮት አያት፤ ሦስቱም ልጆች አብረዋት ናቸው።

ፀሐይዋ ወደ ጊምቢ ተራሮች ስታዘቀዝቅ ሹሹታው ውስጥ ያ ቀጭን ድምፅ ብቅ አለ። ተካ ሰዓቱን መዘገበ። ትንሽ ብቻውን አዳመጠ። ከዚያ የማዳመጫውን ገመድ ከመሣሪያው ነቀለ፤ ገመዱ ሲነቀል ድምፁ በመሣሪያው ፊት ባለው ድምፅ ማጉያ ይወጣል። የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረና ሄዶ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጎ ከፈተ።